የፋማጉስታ ግንብ መድፍን እንዴት ቻለ?

ቆጵሮስ ከ1974 ወዲህ ለሁለት የተከፈለች ደሴት ናት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መሻገሪያዎቹ ለሕዝብ የተከፈቱት በ2003 ነው። ዛሬ በደቡብ በኩል ደሪኒያ ላይ ባለው ኬላ ፓስፖርት አሳይታችሁ ስታልፉ፣ መጀመሪያ የምታዩት ነዋሪዎቹ በ1974 ጥለዋቸው የሄዱትን የቫሮሻ ሕንፃዎች ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ፋማጉስታ ትመጣለች።

እስቲ ግንቡን ልብ ብላችሁ እዩት። ቁመቱ ብዙም አያስደንቅም፤ ውፍረቱ ግን በአንዳንድ ቦታ 8 ሜትር ይደርሳል። ለምን መሰላችሁ? ከባሩድ በፊት ጠላት በመሰላል ስለሚወጣ ግንብ ረጅም መሆን ነበረበት። መድፍ ሲመጣ ግን ረጅምና ቀጭን ግንብ ጥሩ ዒላማ ሆነ። ድንጋይ ብቻውን ሲመታ ይሰነጠቃል፤ ከኋላው አፈር የታጨቀበት ግንብ ግን የጥይቱን ጉልበት አፈሩ ውስጥ ያሰራጨዋል። ከ1489 ጀምሮ ደሴቲቱን የገዙት ቬኒሶች የድሮውን ግንብ ያወፈሩት ለዚህ ነው።

ሌላው ችግር ቅርጽ ነበር። ክብ ማማ ፊት ለፊት ከጎረቤት ማማዎች የማይታይ ትንሽ ቦታ ይቀራል፤ ጠላት እዚያ ተደብቆ መሠረቱን መቆፈር ይችላል። መፍትሔው የቀስት ጫፍ የሚመስል ምሽግ ነው፤ ጎኖቹ ከጎረቤት የሚተኮሰውን መስመር ስለሚከተሉ መደበቂያ አይኖርም። በሰሜን ምዕራብ ጥግ ያለው የማርቲኔንጎ ምሽግ እንዲህ ነው የተሠራው። ኦቶማኖች ከተማዋን ሲከቡ ዋናውን ጥቃት ያደረሱት ከዚህ ርቀው፣ በደቡቡ ግንብ ላይ ነበር።

ከበባው ከ1570 መስከረም እስከ 1571 ነሐሴ ቆየ። ከግንቡ ሥር ጉድጓድ ቆፍረው ባሩድ አፈነዱ፤ ግንቡ ተጎዳ፣ ተከላካዮቹ ግን አልለቀቁም። በመጨረሻ እጃቸውን የሰጡት ምግብና ባሩድ ስላለቀባቸው ነው። እንግዲህ አንድ መዋቅር ብቻውን ከተማ አያድንም፤ ስንቅም ያስፈልጋል ማለት ነው።

የዛሬው ጠላት ደግሞ ጨዋማ የባሕር አየር፣ ዝናብና በድንጋዮቹ መሃል የሚበቅል ሥር ነው። ይሄ ጠላት ድንበር አያውቅም። በ2008 የግሪክና የቱርክ ቆጵሮሳውያን ባለሙያዎች ያሉበት የጋራ የቅርስ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ወደቡን የሚጠብቀው የኦቴሎ ግንብም ተጠግኖ በ2015 ዳግም ተከፈተ። እዚያ ከደረሳችሁ ጠጋ በሉና ድንጋዮቹን አስተውሉ፤ የተጠገነው የቱ፣ የጥንቱ የቱ እንደሆነ መለየት ትችሉ ይሆን?