ሚኒቫኑ ስንት ይጎትታል? ጥቅሉና የተጣራው ቁጥር

ጥቅል ገቢና የተጣራ ትርፍ አንድ አለመሆናቸውን ለነጋዴ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ነጋዴ ወይም አሜሪካ የሚኖር ዘመዱ በቤተሰብ ሚኒቫን የሚጎተት አነስተኛ የካምፒንግ ተሳቢ ለመግዛት ሲነሳ፣ ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚሄደው ጥቅሉን ቁጥር ብቻ ነው። በጥቅሉና በተጣራው መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ በገንዘብ ብቻ የሚወራረድ አይደለም። አውራ ጎዳና ላይ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ጥቅሉ ቁጥር በማስታወቂያ ላይ የሚወጣው ነው። በሰሜን አሜሪካ ገበያ የሚታወቁት ቶዮታ ሲየናና ሆንዳ ኦዲሲ ተገቢው መሣሪያ ሲሟላላቸው እስከ 3,500 ፓውንድ ወይም 1,590 ኪሎ ገደማ እንደሚጎትቱ ፋብሪካዎቹ ይገልጻሉ። በቤንዚን ብቻ የሚሠራው ክራይስለር ፓሲፊካ የመጎተቻ መሣሪያው ተሟልቶለት 3,600 ፓውንድ ሲደርስ፣ የዚሁ መኪና ሃይብሪድ ዓይነት ግን ተሳቢ እንዲጎትት ፋብሪካው አይመክርም። ስለዚህ የመኪናው ስም ብቻውን በቂ አይደለም። የተመረተበት ዘመን፣ የሞተሩ ዓይነትና የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑ ከመመሪያው መጽሐፍ መጣራት አለበት።

የበሩ ላይ ወረቀት

የተጣራው ሒሳብ የሚጀምረው በሾፌሩ በር ማቀፊያ ላይ ከተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ነው። ወረቀቷ ተሳፋሪዎችና ዕቃ ተደምረው ከስንት ኪሎ መብለጥ እንደሌለባቸው ትናገራለች። ብዙዎች የማያስተውሉት፣ የተሳቢው አንገት በመኪናው መንጠቆ ላይ የሚያሳርፈው ክብደትም ከዚሁ ቁጥር የሚቀነስ መሆኑን ነው። ይህ የአንገት ክብደት የተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከነጭነቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን ይኖርበታል።

ለምሳሌ ያህል ወረቀቷ 560 ኪሎ ትበል። አባትና እናት 150፣ ሦስት ልጆች 120፣ ከኋላ የተጫነ ዕቃ 90፣ መንጠቆው ራሱ 20 ኪሎ ቢመዝኑ ድምሩ 380 ይሆናል። የሚተርፈው 180 ኪሎ ነው። የአንገቱ ክብደት በ12 በመቶ ቢሰላ ይህ ትርፍ 1,500 ኪሎ ለሚመዝን ተሳቢ ይበቃል። አሁን 65 ኪሎ የሚመዝኑ አያት ከቤተሰቡ ጋር ይጓዙ እንበል። ትርፉ ወደ 115 ኪሎ ይወርድና ሊጎተት የሚችለው ተሳቢ 960 ኪሎ ገደማ ብቻ ይሆናል። የአንድ ሰው መጨመር ከተሳቢው ላይ 540 ኪሎ ቀነሰ ማለት ነው። ማስታወቂያው ግን አሁንም 3,500 ፓውንድ እንዳለ ነው።

ጭነቱ የት ይቀመጥ?

ከዚህ ሒሳብ ለማምለጥ ዕቃውን ወደ ተሳቢው ጀርባ መግፋት ብልሃት የሚመስላቸው አሉ። እውነት ነው፣ አንገቱ ይቀልላል። ነገር ግን የአንገቱ ክብደት ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ ተሳቢው በፍጥነት ላይ እንደ ጅራት ግራና ቀኝ መወናጨፍ ይጀምራል፤ መኪናውንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። ከባዱ ዕቃ ከተሳቢው ጎማዎች ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ወለሉ ላይ መቀመጥና መታሰር ይገባዋል። ውዝዋዜው ከጀመረ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ነዳጁን ቀስ በቀስ መልቀቅ እንጂ የመኪናውን ፍሬን በድንገት መርገጥ አይገባም።

ሌላው ማታለያ «ባዶ ክብደት» የሚባለው ነው። በሽያጭ ወረቀት ላይ የሚጻፈው የተሳቢው ክብደት ውሃውን፣ ምግቡንና የቤተሰቡን ጓዝ አይጨምርም። 100 ሊትር ውሃ ብቻውን 100 ኪሎ ነው።

ፍሬንና ፍጥነት

ተሳቢው የራሱ ፍሬን እንዲኖረው የሚያስገድደው ክብደት ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል። በካሊፎርኒያ ለካምፒንግ ተሳቢ 1,500 ፓውንድ ሲሆን፣ በቨርጂኒያ 3,000 ፓውንድ ነው። ሕጉ ባያስገድድም ለሚኒቫን ፍሬን ያለውን መምረጥ ያዋጣል። ምክንያቱም ለመቆም መጥፋት ያለበት ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። በሰዓት ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ሲጨመር ፍጥነቱ በ25 በመቶ ሲያድግ፣ ኃይሉ ግን በ56 በመቶ ይጨምራል። ካሊፎርኒያ ተሳቢ የሚጎትት ተሽከርካሪ ከ55 ማይል ወይም 88 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳ መከልከሏ ያለ ምክንያት አይደለም። ዳገት ላይም የካምቢዮ ዘይት ስለሚግል ማርሽ ዝቅ አድርጎ በዝግታ መውጣት፣ ቁልቁለቱንም በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ይመከራል።

ከመክፈል በፊት

በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ዳር በሚገኙ የከባድ መኪና ማረፊያዎች መጠነኛ ክፍያ የሚጠይቅ ሚዛን አለ። አስተዋይ ገዥ ሚኒቫኑን ከነቤተሰቡና ከነጓዙ አስቀድሞ ያስመዝናል፤ የሚተርፈውን ኪሎ በ0.12 ያካፍላል፤ ተሳቢ የሚፈልገውም ከዚያ ቁጥርና ፋብሪካው ከፈቀደው ዝቅተኛውን ይዞ ነው። የመንጠቆው፣ የመብራት ገመዱና የፍሬን መቆጣጠሪያው ዋጋም ከተሳቢው ዋጋ ጋር ተደምሮ መታየት አለበት። እነዚህን ያልደመረ ገዥ ርካሽ ያገኘ ይመስለዋል።

ያገለገለ ተሳቢ ከሆነ የጎማዎቹ የምርት ዘመን ሊታይ ይገባል፤ ብዙ ቆሞ የከረመ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ይሰነጠቃልና። ሻጩ ተሳቢው ሚዛን ላይ እንዲወጣ ፈቃደኛ ካልሆነም ወደ ሌላ ሻጭ መሄድ ነው።