የቀራሮው ጥላ
ክፍል ሦስት

ባለፈው ሳምንት፦ ሰብለ ሟች አባቷ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ የሣለውን የቡና ዛፍ ፍለጋ ከቦንጋ ርቆ ወደሚገኝ የጫካ ማረፊያ መጣች። የማረፊያው ጠባቂ ጋሽ ወልዴ ግን ሥዕሉን አይተው ደብተሩን መለሱላት። «ይህን ዛፍ አላውቀውም፤ አባትሽንም አላውቃቸውም» አሏት።

*

ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አድሮ ጎህ ሲቀድ አባራ። ከቀርከሃው ግድግዳ ወዲያ ጉሬዛዎቹ ተነሥተዋል። አንዱ መንጋ ከሸለቆው ማዶ ሲያጓራ ሌላው ከማረፊያው ጀርባ ይመልስለታል። ያን የሚያስገመግም ድምፅ የሚያወጣው ነጭ ፀጉሩ እንደ ካባ ከትከሻው የሚወርደው ያ ረጋ ያለ እንስሳ ነው ቢሉት፣ የካፋ ጫካ ውስጥ ያላደረ ሰው ለማመን ይቸግረዋል።

ወጥ ቤት ውስጥ እትዬ አስካለ ቡና ይቆላሉ። ቆጮና ነጭ ማር አቀረቡላት።

«ዛሬም መኪና አይመጣም። ወንዙ ሞልቷል። ብዪ እንጂ ልጄ፣ ጫካ በባዶ ሆድ አይገባም።»

«ጫካ እገባለሁ ያለ ማን ነው እትዬ?»

እትዬ አስካለ በአገጫቸው ወደ በረንዳው አመለከቷት። ጋሽ ወልዴ የሐረግ ገመድ ይፈትሻሉ። ቀና ብለው ሳያይዋት፣ «ዛሬ ማታ ማር እቆርጣለሁ። ከፈለግሽ ተከተይኝ» አሉ።

ሐሳባቸውን ምን እንዳስለወጣቸው አልጠየቀችም። ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ግንቦት በካፋ የማር ወር ነው። ገተም የሚባለው ዛፍ አብቦ ካበቃ በኋላ ቀፎው በነጭ ማር ይሞላል። ከግንድ የተፈለፈሉት ቀፎዎች የሚሰቀሉት ከረጃጅም ዛፎች ጫፍ ላይ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ዛፍ ባለቤት አለው። አባት ለልጁ ያወርሰዋል፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ማንም አይወጣበትም። ዩኔስኮ ይህን ጫካ በ2002 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ብሎ ሲመዘግበው፣ የመዘገበው ቀፎ ሰቃዮች ሲጠብቁት የኖሩትን ነው። ማር የሚሰጠውን ዛፍ ማን ይቆርጣል? ይህን ውለታ የሚያነሣላቸው ሰው ማነሱ ያሳዝናል።

መንገዱ ቁልቁል ነው። በዋንዛና በብሳና ሥር ሲያልፉ የኮረሪማ ቅጠል ወገባቸውን ይነካል፤ ቀይ ፍሬው ከሥሩ አጠገብ ከአፈሩ ብቅ ብሏል። ሰብለ አንዱን ቆርጣ አሸተተችው። አባቷ በልጅነቷ «ኮረሪማ» እያለ ይጠራት ነበር፤ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ፣ በጆሮዋ። እናቷ እንኳ አታውቀውም። ከሞተ ወዲህም ያን ስም ለማንም አልነገረችም፤ ለባሏም ቢሆን። አባቷ «ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የካፋን መሬት አልረገጥኩም» ይል ነበር። እሷ የተወለደችው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

የቡናው ዛፎች ቀጫጭን ናቸው። ብርሃን ፍለጋ ሽቅብ ስለሚመዘዙ ፍሬያቸው ጥቂት ነው። ሰብለ ሙያዋ የእጽዋት በሽታ ነውና ዓይኗ ወዲያው ከፍሬው ላይ አረፈ። አረንጓዴው ፍሬ ላይ ጎድጎድ ያለ ጥቁር ነጥብ አየች። የቡና ፍሬ በሽታ ነው።

በ1963 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው ይህ በሽታ ነበር አባቷን ወደ ጫካ ያስገባው። ፍሬው ሳይቀላ እየጠቆረ ይረግፋል፤ ገበሬው ደግሞ መድኃኒት ገዝቶ ለመርጨት አቅም የለውም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ በየጫካው እየዞሩ፣ ጎረቤቶቻቸው ሲጠቁሩ ጤናማ የቀሩትን ዛፎች ፈለጉ። ዛሬ ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው 74110ና 74112 የዚያ ፍለጋ ውጤቶች ናቸው፤ 74ቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1974ን ያመለክታል። በደብተሩ የተሣለው ዛፍ ግን ቁጥር የለውም። አባቷ በቀይ እስክሪብቶ ከብቦት ብቻ አልፏል። አገር የሚፈልገውን ዛፍ አገኘ ከተባለ፣ ለምን ደበቀው?

ጋሽ ወልዴ ሲመሽ ቆሙ። ከፊታቸው ግዙፍ ቀራሮ ተገትሯል። ሰብለ ቀና ብላ ቀፎዎቹን ቆጠረች። ሰባት። በሥዕሉም ላይ ከቡናው ዛፍ በላይ ሰባት ነበሩ።

«ጋሼ፣ ይህን ዛፍ አላውቀውም ብለውኝ ነበር።»

«ቀራሮው የአባቴ ነው» አሉ፤ ለጠየቀችው ግን መልስ አልሆነም። የሚጨሰውን ችቦ አንጠልጥለው፣ ገመዱን በግንዱና በወገባቸው አዙረው መውጣት ጀመሩ። ስልሳን ያለፈ ሰው እንዲህ ይወጣል ብላ አልገመተችም።

ከቀራሮው ሥር አንድ አሮጌ የቡና ዛፍ ቆሟል። ሰብለ ማጉያ መነጽሯን አውጥታ ፍሬውን ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ አየች። በዙሪያው ያለው ሁሉ ነጥብ በነጥብ ሆኗል፤ ይህ ግን ንጹሕ ነው። አንድም ጠባሳ የለውም። እጇ ተንቀጠቀጠ። ግንዱን ስትዳስስ ቅርፊቱ የዋጠው ሽቦ አገኘች፤ በሽቦው ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለ። ሽበቱን በጥፍሯ ፍቃ በስልኳ መብራት አነበበችው። 1966። ከሥሩ ሁለት ፊደላት በሚስማር ተወቅረዋል፦ «አ» እና «ወ»። አ የአባቷ የአበበ ነው። ወ ደግሞ…

ሽቅብ ተመለከተች። የችቦው ጭስ ከላይኛው ቀፎ ደርሷል።

«ጋሼ! አብራችሁ ነበራችሁ አይደል?»

ከላይ መልስ የለም። ከኮረሪማው ውስጥ ግን ደረትን የሚያንቀጠቅጥ ጉርምርምታ መጣ። የጉሬዛ አልነበረም። በዚህ ጫካ አንበሳ መኖሩን ተመራማሪዎች ከዓመታት በፊት በካሜራ አንሥተው ለዓለም አሳይተዋል፤ ማር ቆራጮቹ ግን ከጥንትም ያውቁታል። ሰብለ ደግሞ አሁን አወቀችው። እግሯ ለሩጫ ተነሣ።

«እንዳትሮጪ!» ሲሉ ጋሽ ወልዴ ከላይ ጮኹ። «ጀርባሽን ለዛፉ ስጪ! ኮረሪማ፣ ትሰሚኛለሽ? ኮረሪማ!»

ሰብለ ጫካውን ትታ ወደ እሳቸው ቀና አለች። ያን ስም ማን ነገራቸው? መቼ?

ችቦው ከእጃቸው አምልጦ ቁልቁል መጣና እርጥቡ ቅጠል ላይ ወድቆ ጠፋ። ወዲያው የቡናው ቅርንጫፎች እየተሰበሩ ወደ እሷ መጡ።

(ይቀጥላል)