ንጹሕ ነገርና ድብልቅ፦ ማዳበሪያ ለሚያከፋፍሉ ማኅበራት

በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶና በሚኤሶ ዙሪያ የብዙ ገበሬዎች ማሳ ጠባብ በመሆኑ ባለ 50 ኪሎ ግራም የማዳበሪያ ከረጢት ለሁለትና ለሦስት አባላት ተከፍሎ የሚታደልበት ጊዜ አለ። ክፍፍሉ ትክክል እንዲሆን በከረጢቱ ውስጥ ያለው ንጹሕ ነገር ነው ወይስ ድብልቅ የሚለውን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

ሀ. ንጹሕ ነገር

ንጹሕ ነገር ከየትም በኩል ቢዘገን ይዘቱ አንድ ነው። ዩሪያ ካርቦን፣ ኦክስጅን፣ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን በማይለወጥ መጠን ተዋሕደው ያስገኙት ውሕድ ነው። ስለዚህ ከ100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው። ውሕድን በወንፊትም ሆነ በሰፌድ መለየት አይቻልም።

ለ. ድብልቅ

አሸዋ የገባበት ማሽላ ድብልቅ ነው። ማሽላው ማሽላ፣ አሸዋውም አሸዋ እንደሆነ ይቆያል፤ በሰፌድም ይለያል። መጠናቸው ግን ከእፍኝ እፍኝ ይለያያል። ልዩ ልዩ ፍሬዎች ተቀላቅለው የተዘጋጀ ማዳበሪያም እንዲሁ ነው። በመኪና ሲንገላታ ደቃቁ ፍሬ ወደ ታች ይወርዳል፣ ትልልቁ ከላይ ይቀራል። ከላይ የተሰፈረለትና ከታች የተሰፈረለት አባል እኩል ቢከፍሉም እኩል አያገኙም።

ኤንፒኤስም ድብልቅ ነው፤ ነገር ግን 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌትና 7 በመቶ ድኝ በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ ስለሚገኙ አይለያዩበትም።

ሐ. ሊደረግ የሚገባው

1ኛ. ልዩ ልዩ ቀለም ወይም መጠን ያላቸው ፍሬዎች የታዩበትን ከረጢት በደረቅ ሸራ ላይ ዘርግፎ በአካፋ ደጋግሞ ማገላበጥና ከዚያ በሚዛን ማካፈል።

2ኛ. ዩሪያ ባዕድ ነገር እንደገባበት ከተጠረጠረ አንድ ማንኪያ በንጹሕ ውኃ ብርጭቆ ማማሰል። ዩሪያ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፣ ብርጭቆውም ይቀዘቅዛል። አሸዋ ከታች ይዘቅጣል። ከ50 ኪሎው 10 ኪሎ አሸዋ ቢሆን ናይትሮጅኑ ከ23 ኪሎ ወደ 18.4 ኪሎ ይወርዳል። ዳፕና ኤንፒኤስ ግን ባዕድ ነገር ባይገባባቸውም ጥቂት ዝቃጭ ስለሚተዉ በዚህ ፍተሻ ብቻ አይፈረድባቸውም።

3ኛ. የምግብ ጨው ውኃ ውስጥ ስለሚሟሟ በዚህ መንገድ አይገኝም። ጥቂት ፍሬ በብረት ማንኪያ አድርጎ በፍም ላይ ማሞቅ። ዩሪያ ቀልጦ የአሞኒያ ሽታ ያወጣል፤ ጨው ሳይቀልጥ ይንጣጣል። ፍተሻው በአየር ላይ ይደረግ፤ ጭሱ አይማግ፣ ማዳበሪያውም አይቀመስ።

4ኛ. ዳፕንና ኤንፒኤስን ከአመድ ወይም ከኖራ ጋር አለመቀላቀል። ይህ ድብልቅነት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ነገሮቹ ተለዋውጠው ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል።

ማሳሰቢያ፦ እነዚህ ፍተሻዎች ጥርጣሬን ያሳያሉ እንጂ መጠንን አይለኩም። ጥርጣሬ ከተገኘ ከብዙ ከረጢቶች ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ እስኪመረመር ድረስ እደላው መቆየት ይኖርበታል።