ርስት፣ ችግርና የፖለቲካ ምርጫ በሰሜንና በወገራ ባላገር ዘንድ

የሰው ልጅ አንዱን አገዛዝ ተቀብሎ ሌላውን የሚቃወምበት፣ ብዙ ዓመታት ሲገብር ኖሮ አንድ ቀን ጠመንጃውን አንሥቶ የሚሸፍትበት ምክንያት ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ የመረመሩ ሊቃውንት በሁለት ወገን ተከፍለው ይታያሉ። የመጀመሪያው ወገን፣ ሰው ጎተራውን አይቶ ይመርጣል፤ ሲርበው ያምፃል፣ ሲጠግብ ጸጥ ብሎ ያድራል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ሰው የሚመራው በእምነቱ፣ በክብሩና ከአባቶቹ በተቀበለው ልማድ ነው ይላል። በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው ሐሳብ ሁለቱን የሚያገናኝ ነው። ይኸውም፣ ችግር ሰውን ከምርጫ ላይ ያደርሰዋል እንጂ የትኛውን እንዲመርጥ አይነግረውም፤ የደረሰበት ነገር የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ወይስ የሹም በደል ብሎ የሚፈርደው ባላገሩ የሚያከብረው ነገር ነው፤ ከፈረደም በኋላ ለመነሣት የሚችለው ጥቂት ስንቅና ጉልበት የቀረለት ሰው ብቻ ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን የሰሜንና የወገራ ባላገር ታሪክ ሲሆን፣ ለማነጻጸር ደግሞ የጎጃምንና የወሎን ታሪክ እንጨምራለን።

፩. አገሩና ኑሮው

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ የወገራን ደጋ አቋርጦ ዳባትን፣ ቀጥሎም ደባርቅን ያገኛል። ከደባርቅ በኋላ አንደኛው መንገድ፣ በኢጣልያ ወረራ ዘመን በተሠራው ጥምዝምዝ፣ በሊማሊሞ ገደል ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በቡይት ራስ በኩል ወደ ሳንቃ በር፣ ከዚያም ወደ ጃናሞራ ይዘልቃል። በዚህ አፋፍ ላይ ሁለት ዓይነት ኑሮ ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ በላይ ውርጭ የሚመታው የገብስ አገር፣ በታች ደግሞ ማሽላ የሚዘራበት ቆላ።

በደጋው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይዘራል፤ በግና ከብት ይረባል። እርሻው ተዳፋት ስለ ሆነ በየክረምቱ አፈሩ ይታጠባል፤ ስዊሳዊው የመልክዐ ምድር ሊቅ ሐንስ ሁርኒ በ1960ዎቹ ዓመታት በሰሜን ተራሮች ያደረገው ጥናት ይህንኑ ጉዳት በዝርዝር አሳይቷል። የሰሊጥ እርሻ በሑመራ ከተስፋፋ ወዲህም የደጋው ወጣት በአጨዳ ወራት ወደ ቆላ እየወረደ በጉልበቱ ሲሠራ ኖሯል። እንግዲህ ለዚህ አገር ሰው ችግር እንግዳ ነገር አይደለም። ችግር ብቻውን የሚያሸፍት ቢሆን ኖሮ ባላገሩ በየዓመቱ በሸፈተ ነበር።

፪. ርስትና ግብር

ባላገሩ ከሁሉ አስበልጦ ይጠብቀው የነበረው ርስቱን ነው። ርስት ማለት አንድ ሰው መሬቱን በመጀመሪያ ካቀናው አባት በእናቱም ሆነ በአባቱ በኩል መወለዱን አስረድቶ ድርሻ የሚጠይቅበት መብት ነው። አለን ሆበን በጎጃም በደጋ ዳሞት ያደረገውና በ1960ዎቹ ዓመታት የታተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ርስት በወሰን የተከለለ ማሳ ብቻ አልነበረም፤ ሰው በሕይወቱ ሙሉ በዳኛ ፊት እየተሟገተ የሚያሰፋውና የሚከላከለው የትውልድ መብት ነበረ። ርስት ያለው ሰው ድኻ ቢሆንም እንኳ ባለአገር ነው፤ ርስት የሌለው ግን ቢበለጽግም በሰው አገር የተቀመጠ ጢሰኛ ይባላል። «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» የሚለው ተረት ከዚህ የመነጨ ነው።

ግብርም ከዚህ ጋር የተያያዘ ትርጉም ነበረው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ በሌሎች ጠቅላይ ግዛቶች መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ሲመድብ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በትግሬ ግን ግብሩ አስቀድሞ በተቆረጠው ልክ እንዲከፈል ተደርጓል። ይህንንም ቁርጥ ግብር የአንድ አባት ልጆች በመካከላቸው ተካፍለው ይከፍሉት ነበር። በአቅኚው አባት ስም መገበር የርስት ምስክር ስለ ነበረ፣ ባላገሩ ግብሩን እንደ ሸክም ብቻ አላየውም። ስለዚህ የግብሩ ልክ ከመብዛቱና ከማነሱ ይልቅ በማን ስም፣ በማንስ ግምት እንደሚከፈል ይታሰብ ነበር።

ከዚህ ሌላ፣ ሽፍትነት በዚህ አገር ወንጀል ብቻ ሆኖ አይቈጠርም ነበር። ፍርድ የተጓደለበት ሰው ጫካ ገብቶ በደሉን የሚያሳውቅበት፣ ኋላም ታርቆ አንዳንድ ጊዜ ሹመት የሚያገኝበት የታወቀ መንገድ ነው። ከቋራ የሸፈቱት ካሳ ኀይሉ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. የሰሜኑን ገዥ ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል ነሥተው፣ በዚያው በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው መንገሣቸው ለሰሜን ሰው የሩቅ ታሪክ አይደለም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ባላገር ንጉሡን ባይከስም፣ በንጉሡ ስም የሚመጣውን ሹም ግን መክሰስና መዋጋት ነውር አይመስለውም።

፫. የጎጃም ዐመፅና የወሎ ረኀብ

የሰሜንና የጎጃም የርስት ልማድ በመሠረቱ አንድ ስለ ሆነ፣ በጎጃም የሆነው ነገር የዚህንም አገር ሰው ሐሳብ ያስረዳል። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት አሥራትን አስቀርቶ በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ ግብር አወጀ። ሕጉ በጽሑፍ ሲታይ ከሀብታሙ ብዙ፣ ከድኻው ጥቂት የሚጠይቅ በመሆኑ ከቀድሞው ይልቅ ሚዛናዊ ይመስላል። ነገር ግን ገቢው በመንግሥት ገማቾች በየሰው ስም የሚገመት ሆነ። ባላገሩም፣ ዛሬ እህሌን የገመተ ነገ መሬቴን ይለካል፣ ከነገ ወዲያም ርስቴን ይወስዳል ብሎ ሠጋ። ሞጣ፣ ቢቸናና ደጋ ዳሞት ዐመፁ፤ ጦር ተላከ፤ ደም ፈሰሰ። ዐማፅያኑ ግን የዘውድ ጠላቶች ነን አላሉም፤ የሚቃወሙት የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴን ነበር። በመጨረሻም ገዥው ተነሡ፣ የግብሩ ውዝፍም ተማረ። የታሪክ ሊቁ ገብሩ ታረቀ ስለ ኢትዮጵያ ገበሬዎች ዐመፅ በጻፉት መጽሐፍ ይህን ነገር በሰፊው መርምረውታል።

ከዚህ በኋላ አምስት ዓመት ሳይሞላ በወሎ ታላቅ ረኀብ ሆነ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ አለቀ። የተራበው ሰው መንደሩን ለቆ ወደ ደሴ መንገድ ዳር ወጥቶ ምጽዋት ጠበቀ እንጂ ጠመንጃ አላነሣም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የተነሡት ወታደሩ፣ ተማሪው፣ መምህሩና የታክሲ ነጂው ነበሩ።

ችግር ብቻውን የሚያሳምፅ ቢሆን ኖሮ የወሎ ሰው ተነሥቶ የጎጃም ሰው በተቀመጠ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። አንደኛ፣ ረኀብ የእግዚአብሔር ቁጣ ተብሎ ተተርጕሟል፤ የገቢ ግምት ግን ስሙ የሚታወቅ ሹም ሥራ ነበር። ሁለተኛ፣ የጎጃም ባላገር በሬውም ጠመንጃውም በእጁ ነበር፤ የወሎው ድኻ ግን በሬውን ሽጦ፣ ዘሩን በልቶ ጨርሷል። የሚፈራ ሰው ያምፃል፤ የሚፈራበት ነገር ያለቀበት ሰው ግን ይሰደዳል።

እንዲህ ያለው ሐሳብ በሌላውም ዓለም ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። እንግሊዛዊው ኢ. ፒ. ቶምሰን በ18ኛው መቶ ዓመት ዳቦ ተወደደብን ብለው ስለ ተነሡ ድኾች ሲጽፍ፣ አሜሪካዊውም ጄምስ ስኮት ስለ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ገበሬዎች ሲጽፍ፣ ሕዝብን የሚያስቈጣው የጭነቱ ክብደት ብቻ ሳይሆን የተለመደው የፍትሕ ሚዛን መፍረሱ እንደ ሆነ አስረድተዋል። የእኛ አገር ርስት ለዚህ ሐሳብ እጅግ የጠራ ምሳሌ ነው።

፬. አንድ ዐዋጅ፣ ልዩ ልዩ መልስ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የገጠርን መሬት የሕዝብ ንብረት አደረገ። ይህ ዐዋጅ ለነገራችን ከሁሉ የበለጠ ፈተና ነው፤ አንዱ ሕግ በአንድ ጊዜ ለመላው አገር ወጥቶ፣ መልሱ ግን እንደየሰዉ ሁኔታ ተለያይቷልና።

በደቡብ አገር ምርቱን ለባለመሬት ሲያካፍል የኖረው ጢሰኛ በደስታ ተቀበለው። በሰሜንና በወገራ ግን አብዛኛው ባላገር ራሱ ርስተኛ ስለ ነበረ ዐዋጁ መሬት የሚሰጥ ሳይሆን መብት የሚነሣ መሰለው። ያረሰውን ማሳ አልተነጠቀም፤ ከአያቱ ስም የሚመነጨውን መብት ግን አጣ። በ1969 ዓ.ም. ኢዲዩ በመባል የታወቀው የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ኅብረት፣ የቀድሞው የትግሬ ገዥ ራስ መንገሻ ሥዩምና የበጌምድርና ሰሜን ገዥ የነበሩት ሌተና ጄኔራል ነጋ ተገኝ እየመሩት፣ ከሱዳን ጠረፍ ተነሥቶ መተማንና ሑመራን ሲይዝ ከባላገሩ ብዙ ተከታይ አገኘ። ነገር ግን ድሉ በዚያው ዓመት ወደ ሽንፈት ተለወጠ። ለዚህ የጦር ኀይል ማነስ አንዱ ምክንያት ቢሆንም ብቸኛው አልነበረም፤ ርስቱን ለመጠበቅ የተነሣው ባላገር፣ ርስቱ ሲመለስ የመሳፍንቱ ጉልትም አብሮ እንዳይመለስ ይጠራጠር ነበር። ርስትን መውደድና ጉልተኛን መውደድ አንድ አይደሉም።

በዚያው በሰሜንና በወገራ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ነበረ። ብረት የሚቀጠቅጡትና ሸክላ የሚሠሩት ቤተ እስራኤል፣ ከእስላሙም ወገን በሽመናና በንግድ የሚተዳደሩት ብዙዎች፣ በአብዛኛው ርስት የማይወርሱ ነበሩ። የቤተ እስራኤል ርስት ማጣት በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከነገሡት ከዐፄ ይስሐቅ ዘመን እንደ ጀመረ በትውፊት ይነገራል። ውርጩ ለእነርሱም አንድ ነው፤ ድኽነቱም አንድ ነው። ለርስተኛው ጎረቤታቸው ማጣት የሆነው ዐዋጅ ግን ለእነርሱ ከዘመናት በኋላ የመጣ የመሬት ተስፋ ነበር። በተስፋው ምክንያትም የጎረቤት ጥላቻ አተረፉ፤ በደርግ፣ በኢዲዩና በኢሕአፓ መካከልም ተጨነቁ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል መሄዳቸው የሃይማኖት ናፍቆት ብቻ ወይም የረኀብ ስደት ብቻ ተብሎ ሊተረጐም አይገባም፤ ሁለቱ አንድ ላይ የወለዱት ምርጫ ነው።

ደርግን በመጀመሪያ የደገፈው የደቡብ ገበሬም ቢሆን በደስታው አልዘለቀም። የእህል ኮታ፣ የመንደር ምሥረታና በ1975 ዓ.ም. የታወጀው ብሔራዊ ውትድርና ልጁንና ጎተራውን በወሰዱበት ጊዜ፣ መሬት ሰጪ ተብሎ የተወደሰው መንግሥት ወዳጅ አጣ።

፭. ከርስት ወደ ይዞታ

ርስት በሕግ ከቀረ ግማሽ መቶ ዓመት ሆኖታል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ በአማራ ክልልም ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለገበሬው የይዞታ ደብተር ሲሰጥ ቆይቷል። በ1989 ዓ.ም. በጎጃምና በሰሜን ሸዋ በተደረገው የመሬት ሽግሽግ፣ በቀድሞው ሥርዐት ሥልጣን ይዘው የነበሩ «ቢሮክራት» ተብለው ከጎረቤታቸው ያነሰ መሬት እንዲይዙ ተወሰነባቸው። የዚህ ቁጣ በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ጊዜ አልተረሳም ነበር። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ረኔ ለፎር በሰሜን ሸዋ ገጠር ስለዚሁ ምርጫ ሲያጠና፣ ባላገሩ ሥልጣንን አንድና የማይከፈል ነገር አድርጎ ያይ እንደ ነበረ አመልክቷል። እንዲህ ለሚያስብ ሰው ድምፅ መስጠት ከሁለት ዕቃ አንዱን እንደ መግዛት አይደለም፤ መንግሥትነቱ ወደ ማን እንዳዘነበለ መርምሮ ከዚያ ወገን መቆም ነው። የማዳበሪያ ዕዳ ያስጨንቀዋል፤ ዕዳውን በግልጽ የሚናገርበትን ሰዓት የሚመርጥለት ግን ስለ ሥልጣን ያለው እምነት ነው።

በሰሜን ተራሮችም ይኸው ጥያቄ መልኩን ለውጦ ቀጥሏል። በ1962 ዓ.ም. በሕግ የተቋቋመውና በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ብሔራዊ ፓርክ፣ ለዋልያና ለጭላዳ መጠጊያ ሲሆን ለሰው የእርሻና የግጦሽ ወሰን ሆነ። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በአያቱ ስም ይሟገት የነበረ ባላገር ዛሬ ስለ ካሳ ልክ ይከራከራል። የክርክሩ ቃል ተለውጧል፤ ማሳ በገንዘብ ይገመታል፣ የአባት መቃብርና የጎረቤት ዕድር ግን በገንዘብ አይገመቱም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተገለጸው የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። የባላገሩን ችግር በኩንታል ብቻ የሚለካ ሰው፣ የ1960ውን የጎጃም ዐመፅ አስቀድሞ ሊያውቅ፣ የ1966ቱንም የወሎ ዝምታ ሊረዳ አይችልም። ባላገሩን በልማድ ብቻ የሚመራ አድርጎ የሚያይም፣ አንድ መንደር ውስጥ ርስተኛውና አንጥረኛው ስለ ምን የተለያየ ወገን እንደ ያዙ ሊያስረዳ አይችልም።

ስለዚህ በደባርቅ፣ በዳባትና በጃናሞራ ጥናት ለማድረግ የሚሄድ ተማሪ ለየቤቱ ሦስት ጥያቄዎችን አንድ ላይ ቢያቀርብ ይጠቅመዋል። ምን ጎደለህ? ያጎደለብህ ማን ነው ትላለህ? ብትነሣስ እስከ መቼ የሚያቆይ ስንቅ አለህ? የመጀመሪያውን ጥያቄ የኤኮኖሚ ሊቃውንት፣ ሁለተኛውን የባህል ተመራማሪዎች፣ ሦስተኛውንም የጦርና የጸጥታ ሰዎች ለየብቻቸው ሲጠይቁት ኖረዋል። ባላገሩ ግን መልሱን የሚያስበው ሦስቱን ባንድ ሚዛን ላይ አድርጎ ነው።