ሰው ለምን ጎዳና ላይ ይወድቃል?

የቤት አልባነት ዋነኛ መነሻ ድህነት ቢሆንም ድሃ ሁሉ ጎዳና ላይ አይወድቅም። ብዙውን ጊዜ ሰው ጎዳና የሚወጣው በአቅሙ የሚከራየውን ቤት፣ የዕለት ገቢውንና በክፉ ቀን የሚያስጠጋውን ዘመድ አንድ ላይ ሲያጣ ነው። አዲስ አበባ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት።

የመጀመሪያው ምክንያት የቤት እጥረት ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ከተወረሱት መካከል ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት በቀበሌ ሥር ሆነው ለብዙ ዓመታት የድሃው መጠጊያ ነበሩ። እነዚህ ቤቶች ያሉባቸው ሰፈሮች ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ ምትክ ቤት በዋናነት የሚያገኘው በስሙ ውል ያለው ተከራይ ነው፤ በደባልነት የኖረው ሰው ግን መብቱን የሚጠይቅበት ሰነድ ላይኖረው ይችላል። በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ የተጀመረበት ኮንዶሚኒየምም ለብዙ ቤተሰብ ቢደርስም ቅድመ ክፍያ ስለሚጠይቅ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖረውን አያቅፍም።

ሁለተኛው የገቢ አለመረጋጋት ነው። መርካቶ ውስጥ ሸክም እየተሸከመ በየሌሊቱ ከፍሎ የሚያድር የቀን ሠራተኛ ለጥቂት ቀናት ከታመመ የአልጋ ኪራይ ያጣል፤ ቀጣዩ ማደሪያው በረንዳ ነው። የቤት ሠራተኛም ከሥራ ስትሰናበት ደመወዟንና ማደሪያዋን በአንድ ቀን ታጣለች። አዲስ ቀጣሪ ደግሞ ዋስ ይጠይቃታል፤ ከገጠር ለመጣች ልጅ በከተማው ዋስ የሚሆናት ዘመድ ማግኘት ከባድ ነው።

ሦስተኛው ከቀዬ መፈናቀል ነው። የእርሻ መሬት ጥበት፣ ድርቅና ጦርነት ብዙዎችን ወደ ከተማ ይገፋሉ። የ1977ቱ ረሃብ፣ በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት መበተንና ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት ብዙ ሰው ከኑሮው ነቅለዋል። አውቶቡስ ተራ ወርዶ የሚያውቀው ሰው የሌለው ወጣት የመጀመሪያ ሌሊቱን እዚያው አካባቢ ሊያሳልፍ ይችላል።

አራተኛው የቤተሰብ መፍረስ ነው። በወላጅ ሞት፣ በፍቺ፣ በዱላ ወይም ያለዕድሜ ጋብቻን በመሸሽ ከቤት የሚወጡ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ጎዳና ላይ ረሃብና ብርድን ለመርሳት ማስቲሽ መሳብ የሚለምዱም አሉ፤ ሱሱ ወደ ቤት መመለስን ያከብድባቸዋል።

አምስተኛው የአእምሮ ሕመም ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ከተጠየቁት 217 ሰዎች 41 በመቶ ያህሉ ከባድ የአእምሮ ሕመም ነበረባቸው። አንዳንዱ ታሞ ጎዳና ይወጣል፤ አንዳንዱ ጎዳና ላይ ይታመማል። ሕክምናው ጥቂት ቦታ ብቻ በሚገኝበት አገር አስታማሚ ቤተሰብ አቅም ሲያጣ በሽተኛው ደጅ ይወድቃል።

ጎዳና ላይ የቆየ ሰው መውጫው ይጠብበታል። የነዋሪነት መታወቂያ አድራሻ ይጠይቃል፣ ሥራ መታወቂያና ዋስ ይጠይቃል፣ ቤት ደግሞ የሥራ ገቢ ይጠይቃል። በመሆኑም ምግብና ልብስ መስጠት ብቻውን አይበቃም። አነስተኛ ኪራይ ያለው ክፍል፣ በቅርብ የሚገኝ ሕክምና፣ ያለ ዘመድ ዋስ የሚገኝ ሥራና ልጆችን ከቤተሰብ ጋር የማስታረቅ ድጋፍ አንድ ላይ መቅረብ አለባቸው። ከሁሉም የሚሻለው ግን ይህ ድጋፍ ሰው ቤቱን ከማጣቱ በፊት መድረሱ ነው።