የባዶ በርሜል ፍሬ

በጎንደር አካባቢ አትክልት አልምቶ ማደር አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1607 እስከ 1632 የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ በአዘዞ ያሠሩት ገነተ ኢየሱስ ስሙ ራሱ የአትክልት ሥፍራን ያስታውሳል። በዛሬው ከተማ ግን ቦታ ጠቧል፤ የብዙው ነጋዴ ጓሮ ከጥቂት ክንድ አያልፍም። ቢሆንም ባዶ በርሜል ያለው ሰው ፍሬ ከማብቀል የሚያግደው የለም።

200 ሊትር የሚይዝ በርሜል በመካከሉ ቢቆረጥ ለሁለት ተክል ይበቃል። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን በርሜሉ ምን ይዞ እንደ ነበረ ነው። የምግብ ዘይት የነበረበት በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ያገለግላል፤ የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ግን ቢታጠብም ለምግብ ተክል አይሆንም። ስለዚህም ባዶ ዕቃ የሚሸጥ ባለሱቅ ይህንን ለገዢው ማስታወቅ ይገባዋል።

ከሥሩ ቀዳዳዎች ተበስተው በርሜሉ በድንጋይ ላይ ይቀመጣል። አፈሩ ሁለት እጅ ለም አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቢሆን መልካም ነው። የበርሜል አፈር ከመሬት ይልቅ ፈጥኖ ስለሚደርቅ በበጋ ውሃ አዘውትሮ ይፈልጋል፤ ውሃ ባጠረ ጊዜ ሳሙና ያልነካው የጎመንና የእህል እጣቢ ይጠቅማል።

ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ጎንደር፣ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር ሎሚ ይስማማል። ውርጭ በሚያገኛቸው በዳባትና በደባርቅ ግን ብርድ የሚችለው ፖም (አፕል) ይሻላል። ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ስለማያፈራ አብሮት የሚያብብ ሌላ ዐይነት ፖም በአጠገቡ ይሻል፤ አንድ ችግኝ ብቻ የገዛ ሰው አበባ እንጂ ፍሬ ላያይ ይችላል።

ዋናው ጥንቃቄ ግን በችግኝ ግዢ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣ ጥናት የሎሚንና የብርቱካንን ወገን የሚያጠፋ፣ ግሪኒንግ የተባለ የባክቴሪያ በሽታ በሰሜን ኢትዮጵያ መገኘቱን ገልጧል። በሽታው ፈውስ የለውም፤ ቅጠሉን ያቢጫል፣ ፍሬውን ያጣምማል፣ በመጨረሻም ዛፉን ይገድላል። የሚዛመተውም በጥቃቅን ነፍሳትና በታመመ ችግኝ ነው። ምንጩ ሳይታወቅ በርካሽ ተጭኖ የመጣ ችግኝ ከገዢው አልፎ የጎረቤቱን ጓሮ ያከስራል።

ከዘር የበቀለ ሎሚ ብዙ ዓመት ያስጠብቃል፤ በሌላ ግንድ ላይ የተጣበቀው ግን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ሊያፈራ ይችላል። ዋጋው ቢወደድ ትርፉ በጊዜው ነው። እንግዲህ ነጋዴ ለሸቀጥ ሲሆን የዕቃውን አገር፣ ዐይነቱንና ጤንነቱን መርምሮ እንደሚገዛ ሁሉ፣ ለጓሮውም ያንኑ ልማድ ቢጠብቅ ድካሙ ከንቱ አይሆንም።