የተሰበረውን አትጣሉት

የሕፃናት ሳይኮአናሊሲስ (በሥነ ልቦና ትንተና የሚሰጥ ሕክምና) ሲነሳ ቶሎ የሚወራው ሜላኒ ክላይንና አና ፍሮይድ ለንደን ላይ ስላካሄዱት ክርክር ነው። ክርክሩ ይቆየን። እኔን የሚማርከኝ የክላይን መሳቢያ ነው።

መነሻው አጭር ነው፤ አዋቂ ታካሚ ጋደም ብሎ በሐሳቡ የመጣለትን ሁሉ ይናገራል፤ ሕፃን ግን ይጫወታል፣ ሐኪሟም ጨዋታውን እንደ ንግግር ታዳምጣለች። ቪየና ተወልዳ በርሊን የሠራችው፣ በ1926 እ.ኤ.አ. ለንደን የገባችው ክላይን ለእያንዳንዱ ሕፃን የሚቆለፍ የራሱ መሳቢያ ትሰጠው ነበር። ውስጡ በሁለት መጠን የተሠሩ ጥቃቅን የእንጨት ወንዶችና ሴቶች፣ መኪናዎች፣ እንስሳት፣ አጥር፣ ወረቀት፣ መቀስ፣ ሙጫ፣ ክር አሉበት። ሰዎቹ ሥራቸውን የሚያሳይ ልብስ የላቸውም። አሻንጉሊቱ ገና ከፋብሪካው ወታደር ሆኖ ከመጣ ልጁ ምን ሊያደርገው ይችላል?

አሁን ሕፃኑ አንዱን ሰው ሰበረው እንበል። ክላይን አትቆጣም፤ ቸኩላም አትጠግንለትም። ስብርባሪው እዚያው መሳቢያ ውስጥ ይቆያል። ልጁ ብዙ ጊዜ ገለል አድርጎት ዘወር ብሎም አያየውም። ሰለቸው ብለን እናልፈው ይሆናል፤ ክላይን ግን ፍርሃት አየችበት። መጫወቻው በልጁ ልብ ውስጥ ወንድሙን ወይም አባቱን ወክሎ ከሆነ፣ የተጎዳው ሰው ይበቀለኛል ብሎ ይሸሸዋል። ሐኪሟ ፍርሃቱን በቃል እያነሳች ስትሠራበት ከቆየች በኋላ፣ አንድ ቀን ልጁ ራሱ መሳቢያውን በርብሮ የሰበረውን ይፈልጋል። ፍርሃቱ ቀለል ብሎለት ጸጸትና የመጠገን ፍላጎት መጥተዋል ማለት ነው።

ልጆች ምክር በሚያገኙበት አንድ ቦታ፣ ትጉህ ሠራተኛ ማታ ማታ የተሰበረውን ለቅማ በአዲስ ስትተካ አይቻለሁ። ልጁ ተመልሶ ሊፈልገው ሲመጣ ምን ያገኛል? እባካችሁ አትጣሉት። መጫወቻው ማባበያ አይደለም፣ ክፍሉም ለእንግዳ የሚዘጋጅ ሳሎን አይደለም። ሁሉ ይፈቀዳል ማለትም አይደለም፤ ክላይን በራሷ ላይ እጅ እንዲሰነዘር አትፈቅድም ነበር።

የልጅ ሥዕልን እንደ ሕልም የሚፈቱ ሰዎችም ያሳዝኑኛል፤ ጥቁር ከቀባ አዝኗል፣ መስኮት የሌለው ቤት ከሣለ ብቸኛ ነው ይላሉ። ክላይን ምልክት ከልጁ ስሜትና በክፍሉ ውስጥ ከሚሆነው ሁሉ ተነጥሎ እንዳይተረጎም አስጠንቅቃለች። የዛሬው ባቡር አባት ቢሆን ነገ ራሱ ልጁ ሊሆን ይችላል።

ይህ አሠራር እንዴት እንደሚሠራ ማየት የሚፈልግ፣ ክላይን ካረፈች በኋላ በ1961 እ.ኤ.አ. የታተመውን የሪቻርድን ታሪክ ያንብብ። ሪቻርድ የ10 ዓመት ልጅ ነው፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት በ1941 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ ከክላይን ጋር 93 ጊዜ ተገናኝተዋል። የጦር መርከቦችን ይሥላል፣ ሂትለርን ይፈራል። ክላይን ቆይታቸውን በየተራ መዝግባዋለች። አንዳንዱ ትርጓሜዋ ልጁን ቀድሞ የሚሮጥ ይመስለኛል፤ ግን ልጁ ያለውንም እሷ ያለችውንም ጎን ለጎን ስላስቀመጠችው አንባቢ ገጹን ገልጦ ሊሟገታት ይችላል።